የጀልባ ሞተር በላስታ

ጎረቤቴ ሀብታሙ ባጃጁን በየማለዳው ከደጄ ፊት ለፊት ያስነሳል። ሰሞኑን ባጃጁ ያነክሳል፤ ደህና ሲሄድ ይቆይና ድንገት ይተናነቀዋል። ትናንት ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁና «ልጄ፣ ካርቡራቶሩን አስመርምረው፤ ትንፋሽ አጥሮታል» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «እማማ፣ ደግሞ መካኒክ ሆኑ?» ብሎ ሳቀ። እሱ ምን ያውቃል፤ ገና ሳይወለድ እኔ የጀልባ ሞተር አድማጭ ነበርኩ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። የሴቶች ማህበራችን ወፍጮ ተሰጠው። ሞተሩ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሲነዳ የኖረ ነው፤ ጀልባው በስብሶ እሱ ተረፈ። ጎኑ ላይ ቀለሟ የተላጠ ዓሣ ተስላበት ነበር። ውሃ በእንስራ በሚቀዳበት አገር የጀልባ ሞተር መምጣቱ ለገበያው ጥሩ ወሬ ሆነ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሲስቅ «ምን ይገርማል? የኖኅም መርከብ ያረፈችው ተራራ ላይ ነው» አሉ። ቀልዳቸው ይኸው ነበር፤ ወፍጮ ቤቱን ግን ረግጠውት አያውቁም። መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁና ማህበሩ ወፍጮውን እንድይዝ ሲመርጠኝ «የመሪጌታ ልጅ ቤንዚን ቤንዚን ልትሸት» ብለው ኩርፊያቸውን ጀመሩ። አባቴ ሲያኮርፉ አይቆጡም፤ ዝም ብለው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ከቁጣው ያ ይብስ ነበር።

እናቴ በአንጻሩ ሞተሩን ትወደው ነበር። በድንጋይ ስትፈጭ ኖራ ቀኝ ትከሻዋ አልቋል፤ ክንዷን ከደረቷ በላይ ማንሳት አትችልም። ሞተሩ እንደመጣ የእጅ ወፍጮዋን ድንጋይ ከማድቤት አስወጥታ የዶሮዎቿ ውሃ ማጠጫ አደረገችው። ዶሮዎቹ ሲጠጡ እያየች ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር።

በታኅሣሥ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሣሩን ሲያነጣው፣ ሞተሩ ታመመ። መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ቀጥሎ ዱቄቱን ሽርክት አደረገው፤ በመጨረሻም ቆመ። ገና ደርሷል። ለገና ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣው ሕዝብ በየቤቱ ያድራል፤ የእኛ ቤት ደግሞ የመምህር ቤት ነውና እስከ አውድማው ይሞላል። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስመለስ እናቴ የዶሮዎቹን ውሃ ደፍታ ድንጋዩን በግራ እጇ ስትፈትግ አገኘኋት።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ እንግዳ ዱቄቱን ተሸክሞ አይመጣ» አለችኝ።

ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ማህበሩ ወልድያ ልኮ መካኒክ አስጠራ። ጋሽ ሰይድ እስከ ጋሸና በእህል መኪና፣ ከዚያ በሌላ ጭነት ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ካርቡራቶር በሽርጡ ጠቅልሎ ደረሰ። የሞተሩን ሆድ እቃ ከፍቶ አሳየን፤ አየርና ቤንዚን የሚያደባልቁት ሁለቱ ካርቡራቶሮች ተበልተዋል። እሱ ያመጣቸው ደግሞ ከሁለት የተለያዩ መኪናዎች የወጡ ናቸው። «መንታ አይደሉም፤ እኛ ነን መንታ የምናደርጋቸው» አለ። አሮጌዎቹን ፈታ፣ በሞተሩና በካርቡራቶሩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ ከሳሙና ካርቶን ቆርጦ አበጀ፣ አዲሶቹን አሰረ። ምሳ እናቴ የክክ ወጥ ላከች። ጾም ነበርና ሥጋው አልለየንም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ገበታ በላን። የጾም ደግነቱ ይሄ ነው።

ከምሳ በኋላ የወፍጮውን ቀበቶ ፈትቶ ሞተሩን ብቻውን አስነሳው። ተነሳ፤ ግን ወለሉን እስኪነቅል ተንቀጠቀጠ። ሁለቱ እኩል አይተነፍሱም። ለዚያ የጎማ ቱቦ ነበረው፤ አንዱን ጫፍ ለካርቡራቶሩ አፍ፣ ሌላውን ለጆሮ አድርጎ እስኪስተካከሉ ብሎኑን ማዞር ነው። ጋሽ ሰይድ ቱቦውን ይዞ አመነታ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔን ወላሂ ወፍጮ በልቶታል። የሚሰማ ሰው ስጡኝ» አለ።

የማህበሩ ሊቀመንበር እትዬ በላይነሽ አዳመጠች። «አይ እቴ፣ ሁለቱም ሽሽ ነው የሚሉት» ብላ ቱቦውን ለሌላዋ ሰጠች። ሌላዋም እንዲሁ አለች። እኔ ያን ጊዜ ወደ ቤት እየሮጥኩ ነበር። አባቴ ተማሪዎቻቸውን ግራና ቀኝ አሰልፈው ሲያዘምሩ፣ አንዱ ጎን በፀጉር ያህል ከቀደመ መቋሚያቸውን ያነሱ ነበር።

«አባባ፣ ሞተሩ ግራና ቀኙ አልገጥም አለ፤ ይምጡልን።»

«እኔ መካኒክ ነኝ?»

«እማዬ ድንጋዩን አጥባለች።»

ወደ ደጅ ተመለከቱ። ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ተደግፎ ይደርቃል። መቋሚያቸውን አንስተው ቀደሙኝ።

ወፍጮ ቤት ሲገቡ ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸውና ዱቄት የለበሰ በርጩማ ጠርጎ አስቀመጣቸው። ቱቦውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደ ቀኙ፣ ወደ ግራው፣ ደግሞ ወደ ቀኙ። ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ። ጋሽ ሰይድ ዓይኑን ከእጃቸው ሳይነቅል በካቻቢቴው ብሎኑን አዞረ፤ እጃቸው ሲወርድ አቆመ። ሞተሩ ረገብ አለ፤ መንቀጥቀጡ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም። አባቴ ዓይናቸውን ገለጡና ቱቦውን ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ጥሩነሽ፣ እስቲ አንቺ።»

አዳመጥኩ። «ግራው አሁንም ትንሽ ይቀድማል» አልኩ።

«ይቀድማል» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «የት ተማርሽው?»

«ወጥ ሳማስል፣ እርስዎ ሲያስተምሩ በግድግዳው በኩል።»

የቀኝ እጄን አንጓ ይዘው ጋሽ ሰይድ እንዲያየው ከፍ አደረጉት። «ሰይድ፣ እጇን እይ» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ቱቦውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ጋሽ ሰይድ አዞረ፣ መለሰ፣ እንደገና አዞረ። በስተመጨረሻ ግራው ከቀኙ ገጠመ፤ እጄን አወረድኩ። በርጩማው ላይ ያስቀመጥነው የውሃ ጣሳ እንኳ መርገብገቡን ተወ። «አልሐምዱሊላህ» አለ ጋሽ ሰይድ፤ ጆሮው ባይሰማም መዳፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ አውቆታል። የመጀመሪያው ጆንያ የእናቴ ነበር። ማታ ስገባ ድንጋዩ ቦታው ተመልሶ ውሃ ተሞልቶበታል።

አባቴ ስለዚያ ቀን ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም። ከገና በኋላ ግን ትምህርት ሲጀምሩ በማድቤቱ በኩል ያለውን መስኮት መክፈት ጀመሩ። ተማሪዎቹ በብርድ ይቆራመዳሉ፤ እሳቸው መስኮቱን አይዘጉም። ሴት ልጅ በማኅሌት አትቆምም፤ እሳቸውም ሥርዓት የሚያፈርሱ ሰው አልነበሩም። የቻሉትን ያህል ሰጡኝ፤ ለእኔ በቂ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሀብታሙ መጥቶ «እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ካርቡራቶሩ ነው አሉኝ። አሁን አስተካክያለሁ፤ እስቲ ይስሙልኝ» አለኝ። ባጃጁ አጠገብ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳላስበው እጄ ከፍ አለ።

«ምነው እማማ፣ ማንን ነው የሚጠሩት?»

«ማንንም» አልኩት። «አንተ እጄን እያየህ አዙር።»