ሳይከፈት የታሸገው ቆጣሪ

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ክፈት ንካ» ይሉታል። ስሙን ያመጣው እሱው ራሱ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ የገባውን ሠራተኛ ሁሉ «ክፈት፣ ንካ፣ ለካ፣ ከዚያ እሸግ» እያለ ጆሮ ሲያደነቁር ኖሯል። የመብራት ቆጣሪ አሻጊ ነው። ክዳኑን ይገጥማል፣ በክዳኑ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ያሳልፋል፣ ጫፉን በእርሳስ ፍሬ ውስጥ ከትቶ በፒንሳው ይጨምቃል። የፒንሳው ጥርስ እርሳሱ ላይ ቁጥር ያትማል። የእሱ ቁጥር አርባ አንድ ነው። እሽጉ እስካልተበጠሰ ድረስ ከክዳኑ ስር ለተገኘው ነገር የሚጠየቀው አርባ አንድ ነው።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሁለቴ ተቃጠለ። የሚወጣው ኃይልና ቆጣሪዎቹ የመዘገቡት አልገጥም ስላለ በር በበር እንዲፈተሽ ታዘዘ። ክፈት ንካ የፍተሻውን ቅጽ ከምትሞላ አንዲት መዝጋቢ ጋር ተመደበ። ድሮ ያሠለጠናት ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ አፏም ከእጇ አያንስም።

አራተኛው በር የታናሽ እህቱ ባል ዳቦ ቤት ነበር።

«ይሄን እለፊው፤ የእኔ እሽግ ነው» አላት።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ከሆነ እንሳለመው ወይስ እንክፈተው?»

ሳቀና ገባ። አማቹ እጁ ሊጥ ስለነበር ክንዱን ዘርግቶ ሰላም አለው። ሁለቱም የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ግለዋል። ክፈት ንካ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ አየ። ሁለት ምድጃ እየሠራ፣ በውስጡ የሚሽከረከረው ዲስክ በልቶ እንደጠገበ ሰው ይንፏቀቃል። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

መዝጋቢዋ መለኪያዋን በገቢው ገመድ ላይ አጠለቀች። «ሠላሳ ስምንት አምፔር፤ በሦስቱም መስመር። ቆጣሪው ግን የአንዱን ብቻ የሚቆጥር ይመስላል።»

«እሽጉስ?»

«አልተነካም።»

የከፋው ይሄ ነበር። ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ይፈለግ ነበር። ያልተነካ ከሆነ ግን ስርቆቱ ከእሽጉ ቀድሟል ማለት ነው።

ትዝ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጥቶ ሳለ አማቹ «ቀለም ቀቢው እሽጉን በጠሰብኝ። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ሌባ ነው የሚለኝ፤ እባክህ ዝጋልኝ» አለው። ልጆቹ እግሩ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ እህቱ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ትጠቀልልለታለች። ክዳኑን ሳያነሳ አሸገው። ሰው ቤት ቢሆን ከፍቶ ያይ ነበር፤ በእህቱ ቤት ግን ክዳን ማንሳት የሰው ድስት ከፍቶ እንደማየት ነውር ሆነበት። ከወር በኋላ ሁለተኛው ምድጃ ገባ። ለአንድ ምድጃ የተተመነው ቆጣሪ ሁለቱን እንዴት ቻለ ብሎ አልጠየቀም።

አማቹ ተጠጋው። «እሽጉ ደህና ነው አሉ አይደል? በቃ ጻፉና ሂዱ።» ከዚያ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። «አርባ አንድ የማን እንደሆነ አትርሳ። እኔ ስወድቅ አንተ ከሥሬ ነህ።»

አልተሳሳተም። ሕጉ ኃይል የሰረቀውን ይቀጣል፣ ቆጣሪ የነካካውን ይቀጣል፣ እያወቀ ያሸገውን ሠራተኛ ደግሞ ከሁለቱም አብልጦ ይቀጣል። ክፈት ንካ ይሄን አንቀጽ ለሠልጣኞች በቃሉ ይወጣላቸው ነበር። «እያወቀ» በምትለው ላይ ቆም ብሎ አያውቅም።

ዋናውን ማጥፊያ አወረደ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ እሽጉን ቆርጦ ክዳኑን አነሳ። ሁለት አጫጭር ሽቦዎች የሁለቱን መስመሮች መግቢያ ከመውጫቸው አገናኝተዋል፤ የሁለቱ ኃይል በቆጣሪው ሳያልፍ ይሄዳል። ሽቦዎቹ ለዚያ ሸክም ቀጭን ነበሩ። ላስቲካቸው ቀልጦ የእንጨት ሰሌዳው ላይ ተንጠባጥቧል፤ እንጨቱም ጠቁሯል። ከሥሩ ባዶ ጆንያ ተከምሯል።

«ልጆችህ እኮ እዚህ ጆንያ ላይ ነው የሚጫወቱት» አለው።

«ሁለት ዓመት ምን ሆኑ?» አለ አማቹ።

መዝጋቢዋ ቅጹን እየሞላች አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሳታየው «ጋሼ፣ የአሻጊ ቁጥር?» አለች።

«አርባ አንድ።»

«ነገ ቢሮ ተነጋግረን…»

«ጻፊው አልኩ እኮ።»

በማግስቱ ክፈት ንካ፣ አማቹና እህቱ ፖሊስ ጣቢያ ተጠሩ። ሁለቱ ወንዶች በአንድ አግዳሚ ላይ፣ በመሀላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ተቀመጡ።

«ዝም ብትል ሁለታችንም ሥራችን ላይ ነበርን» አለ አማቹ።

«ዝም ብዬማ ነው እዚህ የደረስነው።»

እህቱ ከመርማሪው ክፍል ወጣች። ባሏን አልፋ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ‹ወንድምሽ ያውቅ ነበር ወይ?› አሉኝ። ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ወጣሁ። ምን ልበላቸው?»

«ከፍቶ አላየም በያቸው።»

«እሱን አልጠየቁኝም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለተኛውን ምድጃ ከመኪና ስናወርድ አንደኛውን ጫፍ የያዝከው አንተ ነህ። ቆጣሪው ምን እንደሚችል ካንተ የተሻለ የሚያውቅ ማን አለ? ውሸት ልናገርልህ?»

ክፈት ንካ አማቹን አየ፤ አማቹ መሬት መሬቱን ያያል።

«ምድጃውን እንደያዝኩ ንገሪያቸው» አላት። «ለምን እንዳልጠየቅኩ እኔው እናገራለሁ።»

«ለምን ነበር?»

አፉን ከፈተ። መርማሪው በሩን ገፋ አድርጎ እህቱን ጠራት፤ እሷ ግን መልሱን እየጠበቀች አልተንቀሳቀሰችም።