ባለ አንድ ዓይኑ ባላምባራስ

ከቤቴ ጀርባ ያለው አናጢ ትናንት የበሬ ቆዳ ሙጫ ሲያፈላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ መስኮቱን ዘጋ፤ የልጄ ልጅም «እማማ፣ ምን ሞቶ ነው?» እያለች ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ግን ወንበሬን ወደ ሽታው አዙሬ ተቀመጥሁ። መግማቱን አልክድም፤ ለእኔ ግን የሸተተኝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅነቴ ነው፣ ከነእልኹ።

ያኔ ይህች ከተማ ናዝሬት መባል አልጀመረችም። አዳማ ነበረች፤ ባቡር ጣቢያውን ተደግፋ የበቀለች፣ ነፋስ ሲነሣ አቧራዋ ጥርስ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ፣ የቆርቆሮ ቤቷ በጣት የሚቆጠር መንደር። አባቴ ጣቢያው ላይ ለባቡሩ ውኃ ይሞላ ነበር። እናቴ የአርሲ ልጅ ነበረች፤ ስፌት ትሰፋ ነበር፤ እኔም በእሷ ስንደዶ መሀል ስላደግሁ እጄ ከአፌ ቀድሞ ነው የተፈታው።

ከጎናችን የሚኖሩት የኔታ ሙላቱ ከጎጃም የመጡ ሠዓሊ ነበሩ፤ ከገበያው በላይ የተሠራውን አዲስ ቤተ ክርስቲያን በሥዕል እንዲያስጌጡ ተጠርተው ነው የመጡት። ቀለም የሚፈጩላቸው ሁለት ተማሪዎች ነበሯቸው፤ ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ ለሐዲድ ሥራ ጥለዋቸው ሄዱ። «ልጆቼን ባቡር በላብኝ» ይሉ ነበር ላገኙት ሰው ሁሉ። ዓይናቸውም መድከም ጀምሮ ነበርና፣ አንድ ቀን እኔ የሰፋሁትን ሌማት ወደ ብርሃን አንሥተው ጥለቱን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ እናቴን «ይህችን ልጅ ስጪኝ» አሏት። ጎረቤቱ ጉድ አለ! ሴት ልጅ፣ ያውም ሥዕል! በዚያ ዘመን በእጁ የሚያድር ሰው ሁሉ፣ ቀጥቃጭም ይሁን ሸማኔ፣ «ባለ እጅ» እየተባለ የሚሰደብ ነበር። እናቴ ግን «እጅ የሌለው ማን አለ?» ብላ ሰጠችኝ። ነፍሷን ይማረው፣ እልኹን የወረስሁት ከእሷ ነው።

የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ ያሠመርሁት መስመር ብቻ ነው። አመድ በተነፋበት ሳንቃ ላይ በከሰል አሠምራለሁ፣ የኔታ በመዳፋቸው ያጠፉታል፤ እንደገና አሠምራለሁ፣ እንደገና ያጠፉታል። መስመር ከክንድ እንጂ ከጣት አይመጣም፣ ከጀመርሽ አታቁሚ፣ ትንፋሽሽን ያዢ ይሉኛል፤ እኔም ትንፋሼን ስይዝ ፊቴ ይቀላና እሳቸው በሳቅ ይሞታሉ። ከዚያ ቀለም ማሰናዳት መጣ። ቀዩን አፈር ከገደል ሥር ቆፍረን፣ ጥቁሩን ከድስት ጥላሸት ፍቀን፣ ሰማያዊውን ነጭ ልብስ ሊታጠብበት ዐረቡ ሱቅ ውስጥ ከሚሸጠው ዱቄት እየዘገንን፣ ሁሉንም በዚያ በሚገማው ሙጫ እንለውሳለን። ብሩሹ የእኛ ፍየል ጠጉር ነበር፤ የኔታ ጭራዋን ሸልተዋት ምስኪኗ ለወራት አፍራ ኖረች።

ሰው መሣል ስጀምር ሕጉን ነገሩኝ። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ኃጥእና ሰይጣን ግን በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጣቸዋል። ጀማሪ የሚለማመደውም በሰይጣን ነው፤ መልአክ ከተበላሸ ኃጢአት ነው፣ ሰይጣን ቢበላሽ ማን ይከሳል? እናም ዓመት ሙሉ ሰይጣን ስሥል ከረምሁ። ከጎን የሚታይ ግንባር፣ አፍንጫ፣ አገጭ እጄ ውስጥ ገባ። የሁለት ዓይን ፊት ግን ገና አንዱ ዓይን ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይልብኝ ነበር።

የሥዕሉን ወጪ የቻሉት ባላምባራስ ይገዙ የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። እንደ ልማዱም ወጪ የቻለ ሰው መልኩ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ይሣልለታል። ያን ሳምንት የኔታን ወባ ጣላቸው፤ ሲንቀጠቀጡ አልጋቸው ላይ ሆነው የባላምባራስን መልክ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በከሰል እንድነድፍ ላኩኝ። አቤት ደስታዬ! ባላምባራስን ጣቢያው ላይ በበቅሏቸው ተቀምጠው ባቡር ሲጠብቁ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ከጎን ያ አፍንጫቸው እንደ ጭልፊት ነበር። ያየሁትን፣ የምችለውን፣ የምኮራበትን ሣልሁ። በጎን። ሕጉ ትዝ ብሎኝ ቢሆን እጄ ይቆረጥ!

በማግሥቱ ባላምባራስ ከነአሽከሮቻቸው መልካቸውን ሊያዩ መጡ። የኔታም በጋቢ ተጠቅልለው፣ ግድግዳውን ይዘው ከኋላ ደረሱ። አንድ አሽከር ሳቁን መያዝ አቃተው። ባላምባራስ ከቅዱሳን እግር ሥር ባንድ ዓይን! ፊታቸው ጠቆረ። ይህች የባለ እጅ ልጅ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ፣ «እጄን ሰይጣን መራው» ብላ በሰው ፊት ይቅርታ ካልለመነች፣ የኔታ ቀለማቸውን ጠቅልለው ካገር ይውጡ አሉ።

የኔታ በዓይናቸው ለመኑኝ። ማጥፋቴን አውቄ ነበር፤ አጥፍቻለሁ በይ ቢሉኝ እል ነበር። እጄን ሰይጣን መራው ግን አልልም። እጄን የመራው ያን ሁሉ ክረምት በአመድ ላይ ያየሁት ፍዳ ነው። እናም አፌ አመለጠኝ፤ «በብሩ ላይ የተሣሉት ንጉሥስ ባንድ ዓይን አይደሉም?» አልሁ። አንዱ አሽከር እውነት መሆኑን ሊያይ ነው መሰለኝ በመቀነቱ የቋጠረውን ብር ዳበሰ። መልስ ያጣ ጌታ ከተሰደበ ጌታ ይብሳል። ባላምባራስ ድንጋዩ ይምጣ ብለው ጮኹ።

ድንጋዩ መጣ። እኔ እጆቼን አጣምሬ ቆምሁ። ያን ጊዜ የኔታ ጋቢያቸውን መሬት ላይ ጣሉና ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሡት፣ ከወባው ጋር እየተንቀጠቀጡ ጫንቃቸው ላይ አደረጉት፣ ተንበረከኩም። «ጥፋቱ የአስተማሪው ነው፣ ጌታዬ» አሉ። ባላምባራስ ወዲያው አውርዱ አላሉም፤ ጢማቸውን እያሻሹ አቆይተዋቸዋል።

ሥራው ቀጠለ፣ እኔ ግን ከዚያ ግቢ ታገድሁ። የኔታ መልኩን አጥፍተው በሁለት ዓይን ሣሉት፤ ማንም ሊሆን የሚችል ሰው ሆነ። ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ሻሸመኔ ሲሄዱ በአጥራችን በኩል አለፉና ሳይቆሙ «አፍንጫው ግን እሱ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ ጦርነቱ መጣ፣ የት እንደ ወደቁ የነገረኝ የለም። ግድግዳውም ፈርሶ በሲሚንቶ ተሠርቷል፤ አሁን የታተመ ሥዕል ተሰቅሎበታል።

እኔ መሣል አልተውሁም። ከደራ እስከ ሞጆ የሻይ ቤት ግድግዳ፣ የሙሽራ ሣጥን፣ የጋሪ ጎን ሥያለሁ፤ ሰውን ሁሉ በጎን፣ እናቴንም ሳይቀር። ባለ እጅ ያሉኝን «አዎ፣ ነኝ!» ብያለሁ። ባላምባራስንም ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ ደግሜ ብወለድም አልጠይቅም። የኔታ ግን ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቀው ነበር የተንበረከኩት፤ ክንዴም ያን ድንጋይ ማንሣት ይችል ነበር። ሄጄ አላወረድሁላቸውም።