ሐዘን ያወፈራት

አብረን ለመጨረሻ ጊዜ ያደረግነው ተራ ነገር እኔን ማስመዘን ነበር። የገበያ ቀን ነው። ሰቆጣ ገበያ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ሚዛን አስቀምጦ የሚውል ሽማግሌ አለ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ነጠላዬን ተቀበለኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ካለፈው ሳምንት ጨምሬ ነበር። ጾም ላይ ነን፤ በቀን አንዴ ነው የምንበላው።

"መሬቱ ዘንበል ብሏል" አለ ባለቤቴ።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። "ባለፈው ሳምንት ስትቀንስም እዚሁ መሬት ላይ ነበረች።"

"ያን ጊዜ ወደዚያኛው በኩል ነበር ያዘነበለው።"

ሦስታችንም ሳቅን። ሽንኩርት ገዝተን ወደ ቤት ወጣን። ነጠላዬን መመለስ ረስቶ እስከ በራፋችን ድረስ በትከሻው ይዞት ሄደ። በዚያው ሳምንት ደረቱን ያዘው። ሆስፒታል አደረስነው፤ ሬሳውን ይዘን ተመለስን።

የምመዘነው ስኳር ስላለብኝ ነው። ክብደት ካልቀነስኩ ስኳሩም ጉልበቴም እንደማይሻለኝ ሐኪም ነግሮኛል። ሲጨምርብኝ ሰበብ የሚፈልግልኝ ባለቤቴ ነበር፤ ትናንት ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር፣ ቀሚስሽ ወፍራም ነው፣ ውኃ ጠጥተሽ ነው የወጣሽው። ስቀንስ ግን ሰበብ አይፈልግም። "አየሽ?" ይላል፣ በቃ።

በለቅሶው የመጀመሪያ ቀናት እህል አልወርድ አለኝ። ቀሚሴ ወዲያው ሰፋኝ። ሴቶቹ እየተያዩ "አለቀች እኮ" ይሉ ነበር። የባለቤቴ እህት ከአምደወርቅ መጥታ ከአጠገቤ አልተለየችም። እጄን ይዛ "ወንድሜን ምን ያህል እንደምትወጂው ሰውነትሽ ይናገራል" አለችኝ። ደስ አለኝ ማለት አይቻልም። ግን ያዝኩት ያንን ቃል። መናገር አቅቶኝ ስለነበር ሰውነቴ ከተናገረልኝ ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲመላለስ ቀናቱ ሁሉ መቀመጥ ሆኑ። ጨው ያለው ንፍሮ፣ ሽሮ፣ እያንዳንዱ ጎረቤት ይዞት የሚመጣው ሰሐን። ሁሉንም እምቢ ማለት አይቻልም፤ ከእያንዳንዱ ትንሽ እቀምሳለሁ። እንቅልፍ የለም። ፊቴ አበጠ፤ የጫማዬ ማሰሪያ ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ ይሰምጥ ጀመር። የባለቤቴ እህት ለአርባው ተመልሳ ስትመጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ከጎኗ ለተቀመጠችው ሴት በኽምጣና "ሐዘኑ ተስማምቷታል" አለች። ቋንቋውን እንደምሰማ ታውቃለች። እንድሰማው ነው ያለችው።

ከአርባው በኋላ መብላት ተውኩ። ሰውነቴ አንዴ የተናገረውን መልሶ እንዲናገር ፈለግሁ። የስኳር ኪኒኔን ግን በባዶ ሆዴ መዋጥ አላቆምኩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ወደቅሁ፤ ጎረቤቶች ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

ስኳሬ ወርዶ ነበርና ነርሷ በአፌ ስኳር ሰጥታ ነፍሴን ከመለሰችልኝ በኋላ መዘነችኝ። ክብደቴ ከዚያች የገበያ ቀን ይበልጣል።

"ሚዛንሽ ይዋሻል ልጄ። እህል ከቀመስኩ ቆየሁ።"

"እሱስ ያስታውቃል" አለች። ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። "ይኼ ስብ አይደለም እናቴ። ውኃ ነው።"

ልቤንና ኩላሊቴን ካስመረመረችልኝ በኋላ፣ ክፉ ነገር እንደሌለ ሲታወቅ፣ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ጨው ውኃ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ውኃውን ወደ እግር ያወርደዋል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀትም ውኃው እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ስብ በአንድ ሳምንት እንዲህ አይመጣም፤ በአንድ ሳምንትም አይሄድም። ከሥር እየቀነሰ እንኳ ላዩን ውኃ ከሸፈነው ሚዛን አያሳየውም።

"መጀመሪያ የቀነስኩትስ?" አልኳት። "ቀሚሴ እኮ ሰፍቶኝ ነበር።"

"እሱም አብዛኛው ውኃ ነው። ሰው መብላት ሲያቆም ሰውነቱ መጀመሪያ የሚያወጣው ያስቀመጣትን ትንሽ ስንቅ ነው። ያቺ ስንቅ ውኃ ይዛ ነው የምትቀመጠው፤ አብረው ይወጣሉ። ሲበሉ ደግሞ አብረው ይመለሳሉ። እና ኪኒኑን ሳይበሉ እንዳይውጡ፤ ሁለተኛ እንዲህ ሆነው እንዳይመጡብኝ።"

ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ያዘኑልኝ ውኃ አይተው ነው። የባለቤቴ እህት የታዘበችኝም ውኃ አይታ ነው። ሰውነቴ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተናገረም። ደክሞኝ ስለነበር ይኼ አላሳዘነኝም፤ ተነሥቼ ቤቴ ገባሁ፣ እንጀራ በሽሮ በላሁ።

እህቱ ከወራት በኋላ ስልክ ደወለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቶቹ አወራችኝ። ከዚያ "እግርሽ ተሻለሽ?" አለች። ነርሷ ያለችኝን ነገርኳት፤ ውኃውን፣ ጨውን፣ እንቅልፍ ማጣቱን።

"እኔም መቀነቴ አጥሮብኛል" አለች። "ወንድሜን ቀብሬ ወፈርኩ ብዬ ለማን ልናገር?"

"ጨው ቀንሺ" አልኳት። "ለመተኛትም ሞክሪ።"

"አንቺ ትተኛለሽ?"

"አልተኛም።"

"ታዲያ" አለች፤ ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። በአርባው የተናገረችውን ቃል አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁባትም።

አሁን በየገበያው ቀን ጠዋት፣ እህል ሳልቀምስ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ እወርዳለሁ። አንዱን ሳምንት ይጨምራል፣ ሌላውን ይቀንሳል፣ አንዳንዴ ሳምንታት ቆሞ ይከርማል። የሳምንቱ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ወር እስኪሞላ ለማንም አልናገርም። ሽማግሌው ስለ መሬቱ ምንም አይልም። ነጠላዬን አጥፌ ከግድግዳው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እመዘናለሁ።