የፖላንዱ ኤሌክትሪሺያንና የአባቴ ፊርማ

ልጅ ሳለሁ፣ እሑድ አመሻሹ ላይ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ካለ አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት ጓሮ ተሰብስበን ጋሼ ታደሰ የሚተርኩትን እንሰማ ነበር። ጋሼ ታደሰ እንደ አባዬ ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ መጽሐፍ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ያኔ ጥብሱ ተበልቶ ሲያበቃ፣ ከሰሉ አመድ ለብሶ ውስጥ ውስጡን ሲቀላ፣ ጭሱም ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ስለ አንድ ፖላንዳዊ ኤሌክትሪሺያን ያወሩልናል፤ ሰውዬው ራሱ ከጻፈው የሕይወት ታሪክ እያነበቡ፣ መቼም ከራሳቸውም ሳይጨምሩበት አይቀሩም።

ከሥራ የተባረረው ኤሌክትሪሺያን የመርከብ ፋብሪካውን አጥር ዘሎ ገባ፤ ሠራተኛውን አስተባበረ፤ መንግሥትን አስፈረመ፤ ታሰረ፤ ኋላም ፕሬዚዳንት ሆነ። ስምምነቱን የፈረመበትን እስክሪቢቶ ርዝመት ጋሼ በሁለት እጃቸው ሲያሳዩን እኛ ልጆቹ እንስቃለን። አባዬ ግን አይስቅም። ወደ ቤታችን ወደ ኢንግልዉድ እየነዳ፣ «ሰውዬው አጥር ሲዘል ዘበኛው የት ሄዶ ነው?» ይለኛል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! እኚህስ ሰውዬ ይህን ሁሉ የሚያወሩልን እንዲሁ በነጻ ይመስልሻል?»

አባዬ እንዲህ የሆነው ወዶ አልነበረም። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ ታላቅ ወንድሙ አንድ ወረቀት ላይ የራሱን ስም ጽፎ፣ በዚያው ስም ዝርዝር ተይዞ ሳይመለስ ቀርቷል። ስለዚህ ጋሼ የፓርኪንግ ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም የዩኒየን ካርድ ይዘው ሊያስፈርሙ ሲመጡ፣ «ስማችንን ለማን ሊሰጡብን ነው?» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ። ተራው ሲደርስ ግን ፈረመ። ይሉኝታ ነዋ! ያ ሁሉ ሰው ፈርሞ እሱ ብቻውን እንዴት እምቢ ይበል? ሲፈርም ወረቀቱን በሌላው እጁ ሸፍኖ ነበር። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ጋሼ ጆሮ ጠቢ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

ካርዶቹን መጽሐፋቸው ውስጥ ከተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ፣ የአባዬን ካርድ መዝዤ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩ። ደስ አለኝ፤ አባቴን ያዳንኩት መሰለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ አንድ ካርድ መጥፋቱን ራሳቸው ተናገሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር።

«የማን?» አለ አንዱ።

«የግርማ» አሉ፣ አባዬን እያዩ።

አባዬ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ካርዴ እግር አውጥቶ ሄደ እንዴ? ነገ ሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ ላይ እንዳላገኘው!»

ይህን ጊዜ ሁሉም የየራሱን ካርድ ይመልሱልኝ አለ። ጋሼ ስም እየጠሩ መለሱ። «እኔን ተጠራጠሩ፣ ግድ የለም። ዩኒየኑን ግን አትተዉት፣ በእመብርሃን» አሉ። ሁሉም ካርዱን ኪሱ ከቶ ተነሣ። እኔም ምስጢሬን ይዤ ከአባዬ ኋላ ሄድኩ። ዩኒየኑ በዚያው ቀረ፤ ጋሼም ጓሮው መምጣት ተዉ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ሰላምታቸውን የሚመልስ ጠፋ፤ አባዬም ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር።

ዘንድሮ ጋሼ ታደሰ ማረፋቸውን ሰማን። ከቀብር ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ አላስችል ብሎኝ ለአባዬ ተናገርኩ። «ካርድህን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኩት እያለቀስኩ።

«አውቃለሁ» አለ። «በማግስቱ ቦርሳሽ ውስጥ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር እንደገና ፈርም ይሉኛላ፣ ልጄ» አለኝ።

ከእነዚያ ምሽቶች የቀረኝ የኤሌክትሪሺያኑ ድፍረት ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። የቀረኝ ግን ሐፍረት ነው። ያኔ ከሰሉ ዙሪያ አንዱ ሌላውን በጎሪጥ ሲያይ፣ የምንዋሸው እኔና አባዬ ብቻ ነበርን፤ እኛን ግን ማንም አልጠረጠረንም።