የመዘምራኑ በዓል ቀን የቆመው ስርጭት

ሬድመንድ ውስጥ ሥራዬ ሰርቨር የሚባሉትን፣ የኢንተርኔቱን ጭነት የሚሸከሙትን ኮምፒውተሮች መከታተል ነው። የትኛው እንደተጨናነቀ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ ለመጪው ዓመት ስንት መጨመር እንዳለበት ቀኑን ሙሉ ግራፍ ላይ አፍጥጬ እናገራለሁ። ስለዚህ ሊንውድ ያለችው ቤተክርስቲያናችን የእሁዱን አምልኮ በኢንተርኔት ለማስተላለፍ ሰርቨር ስትከራይ፣ «እሷ ታውቃለች» ተብሎ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። እኔም ያለፉትን ወራት የተመልካች ቁጥር አየሁና በልበ ሙሉነት «ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል» አልኩ።

የመዘምራኑ የምሥረታ በዓል ደረሰ። የአንዷ እናት አዲስ አበባ፣ የአንዱ እህት ዳላስ፣ የሌላው አጎት ቶሮንቶ፤ ሁሉም ስርጭቱን በአንድ ጊዜ ከፈቱት። ሁለተኛው መዝሙር ላይ መሪዋ ዘማሪት አፏን እንደከፈተች ምስሉ ደርቆ ቀረ። አዳራሽ ውስጥ ላለነው ምንም አልጎደለብንም፤ ስልኩ ግን በየኪሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የገዛ እናቴ ሳትቀር ደወለች።

«ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች እኮ! ምን ነካት?»

ስወጣ መኪና የሚያስተናብሩት አዛውንት በር ላይ አገኙኝ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ።

«ምን ሆነ ልጄ?»

«ሰው በዛብን፣ ጋሼ። በአማካይ ሲታይ ግን ይበቃ ነበር።»

«በአማካይ?» ሳቁ። «በአማካይማ ይሄ ፓርኪንግ ባዶ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ማን ይመጣል? እኔን የሚያስጨንቀኝ የእሁድ ረፋድ ነው።»

አፈርኩ። ለአዳዲስ ሠራተኞች በየሳምንቱ የምነግረውን ነገር ራሴ ረስቼው ነበር።

«እርስዎ እንዴት ነው የሚያውቁት ታዲያ?» አልኳቸው።

«እጠይቃለኋ! ከበዓል በፊት እየዞርኩ እንግዳ ያለውን እጠይቃለሁ።»

ለፋሲካ አብረን ዞርን። ከአምልኮ በኋላ በየወንበሩ እየሄድን፣ «ከዘመድ ማን ያያል?» እያልን ጻፍን። አንዲት ሴትዮ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩና ተስፋ ቆርጠው፣ «የእኔን ብዙ ብለሽ ጻፊው» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ሆና በእንግሊዝኛ «ላይክ፣ ኤቭሪዋን!» አለች፤ ያልቀረ ሰው የለም ማለቷ ነው። ለዚያ ሳምንት ብቻ ትልቅ ሰርቨር ተከራየን። ቅዳሜ ደግሞ ወጣቶቹን ሰብስቤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በየስልካቸው ከፍተው እንዲሞክሩት አደረግኩ።

የፋሲካ ዕለት መጨረሻ ወንበር ላይ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የሰርቨሩን ጭነት የሚያሳየው መስመር ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተስተካከለና እዚያው ላይ ረጋ።

አዛውንቱ በትከሻዬ አጮልቀው፣ «ያዘ?» አሉ።

«ያዘ፣ ጋሼ።»

«በይ፣ ዝጊዋ! ተነሺ፤ ሰው ቆሞ እየዘመረ ነው።»

ተነሣሁና ዘመርኩ። እውነቱን ለመናገር ላፕቶፑን የዘጋሁት እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው።