ባለ አራት መስኮቱ የእሳት እራት

በእኛ በኮቻባምባ ሸለቆ ትልቅ የእሳት እራት ቤት ከገባ፣ ሰው ሊሞት ነው ብሎ ሊናገር መጣ ይባላል። የጎረቤቴ የዶኛ ኤውሎሂያ ባል ፍሎሬንሲዮ የታመመ ሰሞን አንዱ ገባባት። በመጥረጊያ ጨፈለቀችው። ባልየው «ኧረ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ!» እያለ ሲለምናት፣ እሷ ተስፋ ቆርጣ ቀሚሷን ለሐዘን ጥቁር ቀለም ትነክራለች! ሞተ።

ዘንድሮ እንደ እሳት እራት ያሉ ነፍሳትን የምታጠና ልጅ መጥታ ይህን ከኤውሎሂያ ሰማች።

«ክንፉ ላይ እንደ መስታወት የሚያሳዩ አራት መስኮቶች ነበሩት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ትሉ ሐር የሚፈትለው ነዋ፣ እማማ! ክንፍ ካወጣ ወዲያ አይበላም፤ አፍ እንኳ የለውም።»

ኤውሎሂያ ቁጭ አለች።

«አፍ የሌለውን ሰምቼ፣ አፍ አውጥቶ የለመነኝን ሳልሰማው ቀረሁ!»