መንገድ ላይ ናት

ልጆቹ ባይጠይቁኝ ኖሮ ይህን ነገር ይዤው መቃብር እገባ ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም የገደፍሁትን፣ ሰው ያማሁትን ስናዘዝ ኖሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል።

የጠየቁኝ ሞጣ ግቢያችን ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ናቸው። ፈተና ደርሶባቸው ፊታቸው ጠቁሮ ሳለ አንዷ፣ «እርስዎስ ታድለው እማማ! ፈተና የሚባል ሳያውቁ አረጁ» አለችኝ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። «ተፈትኛለሁ እንጂ፤ ወድቄያለሁም» ብላቸው ጊዜ፣ ካልነገሩን ብለው ያዙኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። አንተም የምታነበው፣ አንቺም የምታነቢው፣ እንደ ነፍስ አባት ሆናችሁ ስሙኝ።

እኔ መቼም እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ቢቸና ቤቴ ስፈለግ ሞጣ ነኝ፤ ሞጣ ስፈለግ ደግሞ አንዱ ንግሥ ላይ። ይህ በሆነበት ዓመት ግን ሞጣ ልጄ ቤት ተተከልሁ፤ ልጄ ስመኝ ታማብኝ። ስመኝ አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻት፣ ማስተዋል። ማስተዋል አባይን ተሻግራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ስመኝን በልጅነቷ ከትምህርት ቤት አስወጥቼ የዳርኋት እኔው ነኝ፤ ደብተሯን አቅፋ ስታለቅስ አልሰማኋትም። የልጅ ልጄ ስትማር ያንን የምክስ ይመስለኝ ነበር።

ልጅቱ እናቷን ልታስታምም ስትመላለስ ብዙ ክፍል ቀርታለች። በመጨረሻ የመጣች ጊዜ፣ ልትሄድ ደጅ ቆማ፣ «እምዬ፣ ከእንግዲህ ብቀር ለፋይናል አያስቀምጡኝም። አቴንዳንስ ይይዛሉ፤ አስተማሪው ለይቶ አስጠንቅቆኛል» አለችኝ።

«ባያስቀምጡሽስ?»

«ዓመቴ ይቃጠላላ!»

እንደ አውድማ እሳት ሆኖ ታየኝ። ሕግ ነው ካለች ሕግ ነው ብዬ ተቀበልሁ። ግን እኔ የማውቀው ሕግ ሁሉ በር ነበረው። ጾም ሕግ ነው፤ ለታመመ፣ ለአራስ የነፍስ አባት ይፈታል። የዚያ ትምህርት ቤት ሕግ በር ይኑረው አይኑረው ለምን አልጠየቅሁም? አፍ አልነበረኝም? ስልክ አልነበረኝም?

ፈተናው ሲቃረብ ስመኝ ባሰባት። ሐኪም ቤቱ ወደ ቤት መልሷታል። ድምጿ ቀጥኖ፣ «እማ፣ ማስተዋልን ጥሪልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ይዤ ወጣሁ። አጥሩ ሥር ቆምሁ። አልደወልሁም። ተመልሼ ገባሁና «መንገድ ላይ ናት» አልኋት።

የሠራሁት ይህ ነው። መንገድ ላይ ናት አልሁ። መንገድ ላይ አልነበረችም።

ቤታችን ለመንገዱ ቅርብ ነው። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ የሚመጣው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ ይሰማል። በነፋ ቁጥር ስመኝ ዓይኗን ወደ በሩ ታዞራለች። «መጣች?» ትለኛለች። «ደጀን ላይ መኪና አጥታ ነው» እላለሁ። በማግስቱ ደግሞ «ቢቸና ደርሳለች፤ አይዞሽ» እላለሁ። የልጅ ልጄን ከከተማ ከተማ በምላሴ እያሳፈርሁ፣ የገዛ ልጄን በር በር አሳየኋት።

ዘይነባ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ። አጥሚት ይዛ ትመጣ ነበር። ነገሩ ገብቷት ኖሮ ክንዴን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ።

«እማማ፣ ይቺ ሴት ነፍሷን የያዘችው ለልጇ ብላ ነው። ይጥሯት እንጂ!»

«ፈተናዋስ?»

«የቱ ፈተና? ፈተናው ይኸው እዚህ ተኝቶ የለ!»

«ተይ ልጄ፣ አንቺ ሕጉን አታውቂው» አልኋት። እኔስ አውቀው ነበር?

ልጅቱም ትደውላለች። «እምዬ፣ እማዬን አቅርቢልኝ።» «ተኝታለች፤ አንቺ አጥኚ» እላታለሁ። አልተኛችም፤ እዚያው አጠገቤ በሩን እያየች ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መኪናው ጥሩምባውን ነፍቶ ካለፈ በኋላ፣ ስመኝ አረፈች። ፊቷ ወደ በሩ እንደዞረ ነበር። ያቀናሁት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ።

ለልጅቱ ሳንነግር ቀበርናት። ይህንንስ አገሩም ያደርገዋል፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ተማሪ በፈተናው አይረበሽም። ሰው ሁሉ ደግ አደረግሽ አለኝ። በደወለች ቁጥር «ጠበል ገብታለች፤ እዚያ ስልክ አይሠራም» ስል ከረምሁ። «በርትቼ እየተፈተንሁ ነው በያት» ትለኛለች። እሺ እላለሁ።

ፈተናዋን ጨርሳ ስትመጣ ቢቸና ላይ አስወረድናት። እኔ ቤት አደረች። ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው አረዷት። ለእናቷ የገዛችው ሻርፕ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ነበር። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ጉልበቴን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እምዬ፣ ጠርታኝ ነበር?»

«አልጠራችሽም ልጄ። ራሷን አታውቅም ነበር።»

ሁለተኛው ይህ ነው። የፊተኛውን ለልጅቱ ብዬ ነው ልበል፤ ይህንንስ ለማን ብዬ ነው? ለራሴ ነው። እንዳትጠላኝ ብዬ ነው። የእናቷን የመጨረሻ ቃል ቀማኋት። ስመኝን ሁለት ጊዜ ቀበርኋት፤ አንዴ በአፈር፣ አንዴ በምላሴ።

ማስተዋል፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ይገባል። ጠርታሻለች። ቀን በቀን ጠርታሻለች። ምክንያት አልደረድርልሽም፤ አላወቅሁም ነበር ብዬም አላመልጥም። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፌ አይደፍርም።

ውጤቱ መጣ፤ አልፋለች። ሰው ጥሩ ነው፣ ተመስገን አለ። እኔ ውጤቱን ስሰማ ዓይኔ የሄደው ወደ በሩ ነው።

ዓመታት አለፉ። ማስተዋል ተመርቃ ደጀን አስተማሪ ሆነች። የዘይነባ ልጅ ጀማልም ዩኒቨርሲቲ ገባ። አባቱ በጠና ታመመና ልክ በፈተናው ሰሞን ጠሩት፤ መጣ። የአባቱን እጅ ይዞ አስታመመ፤ ቀበረው፤ ለቅሶም ተቀመጠ። እኔ በልጁ ፈንታ ስንቀጠቀጥ ከረምሁና፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ጠጋ ብዬ «ዓመትህ ተቃጠለ በለኛ ልጄ!» አልሁት።

«ኧረ አይቃጠልም እማማ። ለከባድ ሕመምና ለሞት ማስረጃ ካመጡ ይፈቅዳሉ። ከቀበሌ አጽፌ እወስዳለሁ፤ ከዚያ ሜክአፕ እፈተናለሁ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የቀረ ሰው በኋላ ለብቻው የሚፈተነው ነዋ።»

«አዲስ ሕግ ነው?»

«የድሮ ነው እንጂ!»

ዘይነባ በዚያ ሐዘኗ መካከል ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም ለማስተዋል ልናገር ብዬ ደጀን ሄድሁ። እንዳየችኝ እግሬን ልጠብ ብላ ውኃ አሞቀች። አጎንብሳ እያጠበችኝ ሳለ የጀማልን ነገር አነሳሁና፣ «ያን ጊዜ ይህን ሕግ ታውቂው ነበር?» አልኋት።

«አውቀው ነበር እንጂ። ገና ስንገባ ነግረውናል። እኔን ያስጠነቀቁኝ ያለ ማስረጃ እየቀረሁ ስላስቸገርኋቸው ነው። እናቴ ልትሞት ነው የሚል ወረቀት ባመጣላቸው ይለቁኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?»

እግሬን በፎጣ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«ምን ይሠራልሻል እምዬ? ቆጭቶሽ እንድትኖሪ? ደግሞስ እማዬ አልጠራችኝም። ብትጠራኝማ አንቺ ትደውይልኝ ነበር።»